የጎረቤት ገመና ጆርናል ላይ ከመውጣቱ በፊት፦ በጥቃት ዙሪያ ያጠኑትን ለማሳተም ሲያስቡ ማወቅ ያለብዎ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ወረታ ይደርሳሉ። መንገዱ እዚህ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። በሦስቱም አቅጣጫ ጫፍ ላይ አንድ አንድ ዩኒቨርሲቲ አለ። ስለዚህ በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ ሰው መጠይቅ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ብርቁ አይደለም። ስለ ሩዙ ተጠይቋል፣ ስለ ርብና ጉማራ ወንዞች ጎርፍ ተጠይቋል፣ ስለ ወባውና ስለ እርግዝና ክትትሉም ተጠይቋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ከደጅ አልፎ ጓዳ ገብቷል፦ ባልሽ መትቶሽ ያውቃል?

ምናልባት ይህን ከጠየቁት አንዱ እርስዎ ነዎት። ማስተርስዎን ጨርሰዋል፣ ጽሑፉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ አማካሪዎም «አሳትመው እንጂ» ይልዎታል። ቢያሳትሙ ለእድገት ይጠቅምዎታል፤ ለአካባቢውም ሊጠቅም ይችላል። ሆኖም «የትኛው ጆርናል ይቀበለኛል?» ብለው ከጀመሩ ከመጨረሻው ጥያቄ ጀምረዋል። በእኛ አገር የቤት ገመና ይሸፈናል፤ አንዲት ሴት ገመናዋን ለእርስዎ የገለጠችው አምናዎት ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እዚያ ማዶ የሚቀር ሊመስልዎ ይችላል። አይቀርም። የቀበሌው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ስልክ ይዟል፣ የወረዳው ባለሙያም ያነባል። የጻፉት ነገር ከርሞም ቢሆን ወደ ቀበሌው ይመለሳል። የሚከተሉትን ነጥቦች ይህን እያሰቡ ያንብቧቸው። (የዘመን አቆጣጠሩ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የፈረንጆቹ ነው።)

1. አዲስ የሚሉት ነገር አለዎት?

የጥቃትን ስፋት የሚያሳይ ቁጥር በአገራችን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች ያካሄደው ጥናት የኢትዮጵያ ክፍል የተሠራው በቡታጅራ ዙሪያ ነበር። በ2002 ከ3,000 በላይ ሴቶች ተጠይቀው፣ ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ከነበራቸው መካከል 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት፣ አልያም ሁለቱም እንደደረሰባቸው ተናገሩ። በጎንደር አካባቢ የተደረገና በ2004 «ኢትዮጵያን ጆርናል ኦቭ ሄልዝ ዴቨሎፕመንት» ላይ የወጣ ጥናትም ከተጠየቁት ግማሽ ያህሉ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። በ2016 የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ውስጥ ጥቃትን ጠየቀ፤ አግብተው ከሚያውቁት ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል።

ስለዚህ 423 ሴቶች ጠይቀው (ይህች ቁጥር ከየት እንደምትመጣ የአገራችን የጤና ተመራቂ ሁሉ ያውቃታል፤ 384 ላይ አሥር በመቶ መጨመር ነው) «በፎገራ ወረዳ ስርጭቱ ይህን ያህል ነው» ብቻ የሚሉ ከሆነ ለአንባቢ የጨመሩለት ጥቂት ነው። ፎገራ ግን የራሱ ጥያቄ ያለው አገር ነው። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ ከገባ ብዙ ዘመን አልሆነውም፤ ይሁንና የሰዉን ኪስና የቤቱን ሥራ ለውጦታል። የሩዙን ገንዘብ የሚይዘው ማን ነው? በአረምና በአጨዳ ጊዜ ለቀን ሥራ የሚመጡት ወጣት ሴቶች ሌሊት የት ያድራሉ? ጎርፉ ቤት ሲያስለቅቅ፣ ሁለት ሦስት ቤተሰብ አንድ ጣሪያ ሥር ሲከርም ጠቡ ይብሳል ወይስ ይበርዳል? መጠይቅዎ ከእነዚህ አንዱን እንኳ የሚመልስ ከሆነ ጽሑፉ መታተም ይገባዋል።

2. ፈቃዱ ከመረጃው በፊት የወጣ ነው?

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰጥም። ደህና ጆርናል የኮሚቴውን ስም፣ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ይጠይቅዎታል፤ ቀኑ ከመረጃ መሰብሰቢያው በኋላ ከዋለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የታካሚ ካርድ ወይም የፖሊስ መዝገብ ላይ የሠሩ ከሆነም ያው ነው፤ ለሕክምና ወይም ለክስ የተጻፈ ወረቀት ለጥናት የተሰጠ አይደለምና የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የወረዳው ደብዳቤና የሴትዮዋ ፈቃድ ለየቅል ናቸው። ወረዳው ይፈቅዳል፣ ቀበሌው ይተባበራል፤ የምትናገረው ግን እሷ ናት፤ እንቢ ማለትም ትችላለች። ብዙ ጊዜ የማይታየው አደጋ ያለው ደግሞ በዚያው በትብብር ደብዳቤ ላይ ነው። ደብዳቤው «ባሎች በሚስቶቻቸው ላይ ስለሚያደርሱት ጥቃት» የሚል ርዕስ ይዞ ለቀበሌ ሊቀመንበሩ ከደረሰ፣ መጠይቅ ሰብሳቢዋ ጎጡ ሳትደርስ ወሬው ይደርሳል። ማታ ላይ ባል «ምን ብለሽ ነገርሻት?» ይላል። የቡታጅራው ጥናት በአካባቢው ሲተዋወቅ የሴቶች ጤናና የሕይወት ገጠመኞች ጥናት በሚል ስም ነበር፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ርዕሱ ሙሉ ለሙሉ የሚነገረው ለራሷ ለተጠያቂዋ፣ ለብቻዋ ስትሆን ነው። የእርስዎ ደብዳቤ ምን ይላል? አውጥተው ያንብቡት።

3. እንዴት ጠየቁ?

«ጥቃት ደርሶብሽ ያውቃል?» ብለው ከጠየቁ ቁጥርዎ ከእውነቱ ያንሳል። ጥፊን ከጥቃት የማትቆጥር ሴት «ኧረ የለም» ትላለች፤ ውሸቷንም አይደለም። በ2016ቱ ዳሰሳ ከተጠየቁት ሴቶች 63 በመቶዎቹ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ብለዋል። ስለዚህ ደንቡ ድርጊቱን መጥራት ነው፦ በጥፊ መትቶሽ ያውቃል? ገፍትሮሽ? በዱላ? አንቆሽ? ማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ?

ሌሎቹም ደንቦች የታወቁ ናቸው። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቃለች። ጠያቂዋ ሠልጥና የወጣች ሴት ናት። ከሁለት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ እንኳ አጠገብ ባይኖር ይመረጣል። ሰው ከመጣ ወሬው ወዲያው ወደ ሌላ ይዞራል። ፎገራ ላይ ይህ የራሱ መላ ይፈልጋል። ሜዳው ገላጣ ነው፤ ሁለት ሴቶች ማሳ ዳር ተቀምጠው ሲያወሩ ከሩቅ ይታያሉ። ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቡና ሸተተኝ ብላ ጎረቤት ትገባለች። ጠያቂዎ ያን ጊዜ ገልብጣ የምታነበው ስለ ወተትና ስለ ክትባት የተዘጋጀ ገጽ ይዛ ነበር? ካልነበረ፣ ስንት ቃለ መጠይቅ ሰው ባለበት እንደተካሄደ በጽሑፉ ላይ በግልጽ ይናገሩ። ሸፋፍኖ ማለፍ ቁጥሩንም እርስዎንም ያሳማል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያስታውሱ፦ በዚያው በ2016ቱ ዳሰሳ ጥቃት ደርሶባቸው ከነበሩት ሴቶች 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ከእነዚህ አንዷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን የከፈተችው ለእርስዎ ጠያቂ ሊሆን ይችላል። የት ትሂድ ብላችሁ መከራችኋት? ወደ ጤና ጣቢያው? ወደ ሴቶች ጉዳይ? ወደ ፖሊስ? የላካችኋት ቦታ በር ክፍት መሆኑን አስቀድመው አረጋግጠው ነበር? ጆርናሉ ይህን ባይጠይቅዎ እንኳ እርስዎ ራስዎን ይጠይቁ።

4. ሠንጠረዡ ውስጥ ትታወቃለች?

ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ እናስብ። ስድስት ቀበሌ ተመርጧል፣ የቀበሌዎቹ ስም በጽሑፉ ላይ ተዘርዝሯል። በትምህርት ደረጃ ረድፉ ላይ «ዲፕሎማና ከዚያ በላይ» የሚል መስመር አለ። ጠቅላላ 2፤ ጥቃት የደረሰባቸው 2። ለስታቲስቲክስ ሰው ይህ ትንሽ ሕዋስ ነው። ለቀበሌው ሰው ግን ሌላ ነው፤ መጠይቅ ሰብሳቢዎቹ የማንን ቤት እንዳንኳኩ ጎረቤቱ ሁሉ አይቷል፣ በዚያ ሠፈር ዲፕሎማ ያላት ደግሞ መምህርቷና የእርሻ ባለሙያዋ ናቸው። ከ2ቱ 2ቱ ማለት የሁለቱንም ስም መጻፍ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትንንሾቹን መስመሮች ይጠቅልሉ፤ «ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ» ይበሉ። ከአምስት በታች የሆነ ሕዋስ አያሳዩ። የቀበሌዎቹን ስም ትተው «ስድስት የገጠርና የከተማ ቀበሌዎች» ማለት ይበቃል። በቃለ ምልልስ የተሠራ ጥናት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። «እማወራ፣ 38 ዓመት፣ ጠላ ነጋዴ፣ አራት ልጆች፣ የቀድሞ ባሏ የሩዝ መፈልፈያ ያለው» ብለው ከንግግሯ ሥር ከጻፉ፣ ወረታ ውስጥ ያንን ወፍጮ የማያውቅ የለም። «በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ የፈታች» ካሉ አንባቢ የሚያጣው ነገር የለም። ንግግሯንም ያጢኑት፤ አንዳንድ አባባል የአንድ ሰው ብቻ ነው፣ የሰማት ሁሉ በድምጿ ያነበዋል።

5. «ጥሬ መረጃውን ክፈት» ሲሉዎትስ?

ብዙ ጆርናሎች መረጃው ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ፕሎስ ዋን ከ2014 ጀምሮ ይህን መመሪያው አድርጓል። ለሩዝ ምርት ጥናት ጥሩ ነው። ለጥቃት ጥናት ግን የ423 ሴቶችን ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የልጅ ብዛትና የደረሰባቸውን ግፍ በአንድ ፋይል መጫን ማለት ነው። ግዴታ የለብዎትም። እነዚሁ ጆርናሎች ለስሱ መረጃ ልዩ መንገድ አላቸው፤ «ተጠያቂዎች መረጃቸው በይፋ እንዲለቀቅ አልፈቀዱም፤ የሚፈልግ ተመራማሪ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ይጠይቅ» የሚል መግለጫ ይቀበላሉ። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የጤናንና የግል ሕይወትን መረጃ የያዘ ሰው ኃላፊነት አለበት። ፋይሉ አሁን ያለው የት ነው? በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ቀርቶ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሥራዎ እሱን ማጥፋት ነው።

6. ሕጉን በትክክል ጠርተውታል?

በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት፣ በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ስለ አስገድዶ መድፈር የሚናገረው አንቀጽ 620 ግን «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ቃል አለበት። ስለዚህ በትዳር ውስጥ ስለተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ሲጽፉ ሕጉ ወንጀል አድርጎታል አይበሉ፤ የጠየቁትን ድርጊት በጠየቁበት ቃል ይጻፉ፣ የሕጉንም ክፍተት እንደ ክፍተቱ ያሳዩ። ከ18 ዓመት በታች ያለች ያገባች ልጅ ከተጠያቂዎችዎ መካከል ካለች ደግሞ ፈቃዱን ከማን እንዳገኙና ልጅቷ አደጋ ላይ ብትሆን ምን ለማድረግ እንደወሰኑ ገምጋሚው መጠየቁ አይቀርም። ዝም ብሎ «ምስጢር ተጠብቋል» ማለት መልስ አይሆንም።

7. ጦርነት ያለበት አገር መሆኑን አይርሱ

ከወረታ በደብረ ታቦር አልፎ የሚሄደው መንገድ ነፋስ መውጫ ያደርሳል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2021 ባወጣው ዘገባ፣ ከተማዋ በነሐሴ ወር በትግራይ ኃይሎች ተይዛ በነበረች ጊዜ ተዋጊዎች እንደደፈሯቸው የተናገሩ 16 ሴቶችን ቃል አቅርቧል። እንዲህ ያለ ዘገባ ለፍትሕ ያስፈልጋል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ያችኑ ሴት ለስንተኛ ጊዜ እያስነገራት ነው የሚለው ነው። በ2022 የወጣውና በናዲያ ሙራድ ስም የሚጠራው የሥነ ምግባር ደንብ የሚያዘው አንድ ዋና ነገር አለ፦ ከመጠየቅ በፊት መረጃው ቀድሞ መኖሩን ማረጋገጥ። ካለ፣ አይጠይቋት።

ከነሐሴ 2023 ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭትም መንገድ ዘግቷል፣ ኢንተርኔት አቋርጧል። በዚህ ጊዜ በስልክ ወይም በወረቀት የተያዘ መረጃ ፍተሻ ላይ ሊከፈት ይችላል። በጽሑፍዎ ላይ መቼና የት እንደሠሩ ሲገልጹ «ከግጭቱ በፊት» ወይም «በግጭቱ ወቅት» ማለት ግድ ይላል፤ ቁጥሩን ይለውጠዋልና። አጥቂው ታጣቂ የሆነበት ታሪክ ካለ ግን ቀኑንና ጎጡን አብሮ መጻፍ ሴትዮዋን መጠቆም ነው።

8. ቁጥርዎ ከሚለው በላይ አያስብሉት

«የሚጠጣ ባል ያላት ሴት ሦስት እጥፍ ትጠቃለች» የሚል ዓረፍተ ነገር በየጥናቱ አለ። አብዛኛውን ጊዜ 3 የተባለው የዕድል ንጽጽር ነው፣ ኦድስ ሬሾ የሚባለው። ያስሉት፦ ባላቸው ከማይጠጣ ሴቶች 50 በመቶው ተጠቅተው ከሆነ ዕድሉ አንድ ለአንድ ነው። በሦስት ሲባዛ ሦስት ለአንድ ይሆናል፤ ይህ 75 በመቶ ነው። ከ50 ወደ 75 ማለት አንድ ተኩል እጥፍ እንጂ ሦስት እጥፍ አይደለም። ጥቃት ብርቅ ባልሆነበት አገር ይህች ስህተት ትልቅ ናት፤ ሬዲዮም ወረዳም የሚደግመው ያንኑ ነው። በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ መረጃም ከመጠጡና ከዱላው የትኛው እንደቀደመ አይነግርዎትም። የቡታጅራውን 71 በመቶም የኢትዮጵያ ወይም የፎገራ ቁጥር አድርገው አይጥቀሱት፤ የቡታጅራ ነው።

9. የት ይላኩት? ስንት ያስከፍላል?

ለዚሁ ጉዳይ የቆሙ ጆርናሎች አሉ። «ጆርናል ኦቭ ኢንተርፐርሰናል ቫዮለንስ» እና «ቫዮለንስ ኤንድ ቪክቲምስ» ሁለቱም ከ1986 ጀምሮ ይታተማሉ፤ «ቫዮለንስ አጌንስት ዊሜን» አለ፣ በሕጻናት ላይ ከሆነ «ቻይልድ አቢዩዝ ኤንድ ኔግሌክት» አለ። በነዚህ የሚከፍለው አንባቢው ነው፣ ደራሲው ሳይከፍል ማሳተም ይችላል፤ ጉዳቱ ወረታ ያለ ሰው በነጻ አለማንበቡ ነው። እንደ ቢኤምሲ ዊሜንስ ሄልዝና ፕሎስ ዋን ያሉት ለሁሉም ክፍት ናቸው፣ ደራሲውን ግን በዶላር ያስከፍላሉ። ለኢትዮጵያ ደራሲዎች ክፍያውን የማንሳት ወይም የመቀነስ ልማድ አለ፤ ደንቡ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ጽሑፉን ከመላክዎ በፊት በኢሜይል ይጠይቁ፣ መልሱንም ያስቀምጡ። የአገር ውስጦቹንም አይናቁ፤ የትምህርት ሚኒስቴር እውቅና ከሰጣቸው መካከል መሆኑን ግን ያረጋግጡ።

«ውድ ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ጽሑፍዎን በሦስት ቀን እናትማለን» የሚል ኢሜይል ከመጣልዎ ይሰርዙት። እንዲህ ያለው ጆርናል ገንዘብዎን ይወስዳል። በጥቃት ጉዳይ ላይ ግን ጉዳቱ ይብሳል፤ ገምጋሚ ስለሌለው ያቺን የ2 ከ2 ሕዋስ የሚያይልዎ ሰው የለም። የመመረቂያ ጽሑፍዎ በዩኒቨርሲቲው የዲጂታል ማከማቻ ላይ ተጭኖ ከሆነም ከወዲሁ ታትሟል ማለት ነው፤ ሠንጠረዡን እዚያም ያስተካክሉ።

10. የማን ስም ይወጣል? ምንስ ይመለሳል?

ደራሲ የሚባለው ያሰበ፣ የሠራ፣ የጻፈና ለጽሑፉ የሚጠየቅ ነው። አማካሪ በወግ ብቻ አይገባም፤ የሠራ አማካሪም አይዘለልም። ጎጥ ለጎጥ የዞሩትን ጠያቂዎች ማመስገን ተገቢ ነው፤ ስማቸውን ከመጻፍዎ በፊት ግን ይጠይቋቸው፤ ነገ የሚኖሩት እዚያው ነው።

ከታተመ በኋላ ደግሞ ሁለት ገጽ በአማርኛ ይጻፉ። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለሴቶች ጉዳይ፣ ለፖሊስ ይስጡ። ሽማግሌዎችንም አይርሱ፤ ተደብድባ የወጣችን ሴት አስታርቀው ወደ ቤቷ የሚመልሷት እነሱ ናቸውና ቁጥሩን መስማት አለባቸው። ቀበሌ ከቀበሌ ግን አያወዳድሩ፤ «የከፋው የእነ እገሌ ቀበሌ ነው» የተባለ ቀን ለቀጣዩ ጠያቂ በር የሚከፍት አይኖርም።

ከመላክዎ በፊት

☐ ፈቃዱ ከመረጃው ይቀድማል።
☐ ሰው ባለበት የተካሄዱትን ቃለ መጠይቆች ቆጥሬ ጽፌአለሁ።
☐ ከአምስት በታች የሆነ ሕዋስ፣ የቀበሌ ስም፣ አንድን ሰው የሚጠቁም አባባል የለበትም።
☐ ጥሬ መረጃው የት እንዳለና ማን እንደሚያየው አውቃለሁ።
☐ ኦድስ ሬሾውን «እጥፍ» ብዬ አልተረጎምኩትም።
☐ የጆርናሉን ክፍያና እውነተኛነት አረጋግጫለሁ።
☐ የአማርኛው ሁለት ገጽ ተዘጋጅቷል።

አንዲት የቀረች አለች። የምስጢር ቃል ከፈረሙት የቡድንዎ አባላት መካከል እዚያው ፎገራ ተወልዳ ያደገችውን ይጥሯት። የመጨረሻውን ረቂቅ ይስጧት፣ ብቻዋን ታንብበው። ስም እንዳትነግርዎ አደራ ይበሏት፤ እስክሪብቶ ብቻ ያስይዟት። ስታነብ እጇ አንድ መስመር ላይ ቆም ካለ፣ ለምን ብለው አይጠይቋት። ያ መስመር ይውጣ።